ባዶውን የነደደ ምድጃ

ማንም አልጠየቀኝም። ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

በኮሌጁ የተማሪዎች ምግብ ቤት ጓሮ፣ በጡብ ምድጃ ፊት ቆሜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የአሳማ ጎድን በጭስ አብስያለሁ። በዚች ከተማ ሠርግ ይሁን ቀብር፣ የእኔ እጅ ያልነካው ሥጋ የተበላበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እንዲያም ሆኖ የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች፣ ኮሌጁ ኳስ በሚጫወትበት ቅዳሜ ስታዲየሙ ደጅ ድንኳን ተክለን ለምናበስልበት፣ በመኪና የሚጫን ምድጃ እንግዛ ብለው ሲማከሩ፣ የገዛ ጠረጴዛዬን ከበው፣ የገዛ ኬኬን እየበሉ፣ ስልካቸው ላይ አጎንብሰው የማያውቁትን ሰው ምክር ሲያነቡ ዋሉ። እኔ መሐላቸው ቆሜ በረዶ የገባበት ሻይ እቀዳለሁ። የእህቴ ልጅ ሮስኮ፣ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ ጭራሽ ቀና ብሎ «አክስቴ፣ ይሄ የዘመኑ ነገር ነው፤ ላንቺ ይከብድሻል» አለኝ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ገዙ። ከስታዲየሙ ደጅ ያለው መኪና ማቆሚያ ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ከየት እንደሚመጣ አንዳቸውም አላሰቡም። እኔ አስቤያለሁ። ላልጠየቀኝ ሰው ግን አፌን አልከፍትም ብዬ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ዕለት ሰው ሁሉ ድንኳኑን ተክሎ ሥጋውን ሲያገላብጥ፣ የእኛዎቹ የቀዘቀዘ ብረት ከበው ዳቦ በሰናፍጭ በሉ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሰው ላይ ስቄ ሳልጨርስ የእኔ ተራ ደረሰ።

የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፕሮፌሰር ኤመሪ ታልበርት።

የታልበርቶች ቤት ኮረብታው ላይ ያለው ባለ ነጭ ዓምዱ ነው። አያቱ ኮሌጁን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ እሱ ራሱ ታሪክ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሮበታል። እኔ ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ ጥጥ ለቀማ የገባሁ፣ ኮሌጁንም በጓሮ በር ብቻ የማውቀው ሰው ነኝ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ሳህኑን በመስኮት አቀብለው ነበር። ሌላው መምህር ሳህኑን ያያል፤ እሱ ፊቴን አይቶ፣ ስሜን ጠርቶ ያመሰግናል። ይኼው ነው። እሱም ሚስት ነበረችው፣ እኔም ባል ነበረኝ፤ ከዚያ በላይ አላሰብኩም። ባሌ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ በየጨዋታው ቅዳሜ በሰው ድንኳን ለድንኳን ሳህን ይዞ ሲዞር አየው ነበር። ኮት ለብሶ የሚለምን ሰው ይመስለኛል።

በመስከረም አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀኝ። የድሮ ተማሪዎች ሁሉ ለሚመለሱበት ለትልቁ ቅዳሜ የራሱን ድንኳን ሊተክል እንደሆነ ነገረኝ። ምድጃ ገዝቶ እንደማያውቅ፣ ከጋዙና ከከሰሉ የቱ እንደሚሻል እንኳ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያም፣

«ሚስ አርዜላ፣ እርስዎ ካልመረጡልኝ አልገዛም» አለ።

ጊዜ የለኝም አልኩት። መኪናው ጋ ደርሼ በሩን ከከፈትኩ በኋላ ደግሞ ዞሬ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ሰባ ዓመት አልፎኝ ጉንጬ እንደ ኮረዳ ሲግል ተሰማኝና በራሴ ተናደድኩ።

ጃክሰን ከተማ ዳር ወዳለው የምድጃ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ጢማም ጎረምሳ፣ ምድጃ ሳሳየው ፕሮፌሰሩን ያያል፤ እኔ ስጠይቀው ለፕሮፌሰሩ ይመልሳል። መጀመሪያ የሚያበራ ሰሌዳ ያለበትን አሳየን። ይሄን ከነመሰኪያው አውቀዋለሁ፣ ሌላ አምጣ አልኩት። ቀጥሎ ፈረስ የሚያህል፣ ጎማ ያለው ነገር እየገፋ መጣ። በማቆሚያው ሕግ አንድ ሰው አንድ መኪና የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ይሄን ካቆምን ድንኳኑን አናታችን ላይ ልንተክል ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ፕሮፌሰሩ ሳቁን በመሐረብ ያዘ።

ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ምድጃ የሚመረጠው በወሬ አይደለም። በጣቴ አንኳኳሁ፤ ስስ ቆርቆሮ እንደ ጣሳ ይጮኻል፣ ወፍራም ብረት ድምፁን ይውጣል። እግሩን አጥፌ ዘረጋሁ። ሁለት ሽማግሌ ከመኪና ማውረድ ይችል እንደሆነ በአንድ ጎኑ አነሳሁት። በመጨረሻ ከቦርሳዬ አንድ ዶላር አውጥቼ በክዳኑና በአፉ መሐል አስገብቼ ዘጋሁና ጎተትኩ። ዶላሩ ሸርተት ብሎ ወጣ። እንዲህ ከሆነ ጭሱም ይወጣል፤ ጭስ ያመለጠው ሥጋ የተቀቀለ ጫማ ነው አልኳቸው። ሁለተኛውም ሸርተት አለ። ሦስተኛው፣ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣው፣ ትንሽ በርሜል የሚያህለው፣ ዶላሬን ነክሶ ያዘ። ብጎትተው እምቢ አለ።

«ይሄ ነው» አልኩ።

ቀና ስል ፕሮፌሰሩ ምድጃውን እያየ አልነበረም። እኔን ነበር የሚያየው። ሰው በሠራው ሥራ ሲታይ ደስ ይለዋል፤ ያ ግን ከዚያም ያለፈ ነበር። ዶላሩን አጣጥፌ መልሼ ለመክተት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ የቦርሳዬ አፍ ጠፋኝ።

ደስታዬን እዚያው ያበላሸው ሻጩ ነው። በአጠቃቀም መመሪያው ጀርባ ላይ በእጁ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገና፣ አሁን ገና እኔን አይቶ፣ «እማማ፣ መጀመሪያ ሲያነዱት ይህችን ያንብቧት» ብሎ ዘረጋልኝ።

እውነቱን ልናገር። የታተመ ትልልቅ ፊደል፣ የቆርቆሮ ምግብ ላይ ያለውንና የመንገድ ምልክቱን፣ አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነብ ነበር። የእጅ ጽሑፍ ግን ያኔ ለእኔ ዶሮ የጫረችው መሬት ነበር። ማንም አያውቅም፤ ባሌም ሳያውቅ ሞተ።

መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አልኩ። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከዶላሩ ጎን ተኝቷል። ፕሮፌሰሩ ወዲያው የራሱን አወለቀና በመሐረቡ ወልውሎ አቀበለኝ። ዓይኔ ከሰው መነጽር ጋር አይስማማም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። መነጽሩን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ምን እንዳጠፋ ያልገባው ሰው ነበር የሚመስለው። ምድጃውን ወደ እሱ ፒክአፕ ስንጭን ጣቶቹ ከብረቱ ሥር ጣቶቼን ነኩ፤ እኔም አላሸሸሁ፣ እሱም አላሸሸ። ቤቴ ድረስ እሱ ነዳ። እሱ ምን ያስብ እንደነበር እንጃ። እኔ ግን ያቺን ውሸት ስውጥ፣ መልሳ ስትወጣብኝ ነው የሄድኩት።

አዲስ ምድጃ ከፋብሪካ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ሥጋ ሳይነካው አንድ ቀን ባዶውን መንደድ አለበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጎድን የጋራዥ ጣዕም ይኖረዋል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ፕሮፌሰሩ ምድጃውን ጓሮዬ አደረሰልኝ። ባርኔጣውን እንደ መሪ እያዞረ ቆመ። በመጨረሻ፣ ከማንደዴ በፊት እባክዎ መመሪያውን ይመልከቱት፣ መሐሉ ላይ አንድ ነገር አስቀምጫለሁ አለኝ። መልሴንም ሳይጠብቅ፣ ደወል ደውሎ እንደሚሸሽ ሰው፣ መኪናው ውስጥ ገባ።

ደሜ ፈላ። እኔን መመሪያ አንብቢ? ዶላሬን የነከሰውን ምድጃ ማን መረጠውና?

ገለጥኩት። አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ በሰማያዊ ብዕር ፊትና ጀርባው ሞልቷል። አናቱ ላይ ስሜን አየሁ። ስሜን አውቀዋለሁ። ከስሜ በታች ያለው ሁሉ ዶሮ የጫረችው ነው።

እዚህ ላይ የቆየ ቁስሌን መንገር አለብኝ። የምግብ ቤቱ ዋና ወጥ ቤት በጡረታ ስትወጣ ቦታዋ የእኔ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። በዚያው ሳምንት ኃላፊያችን ማቀዝቀዣው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጠፈ። ለካ ወረቀቱ የሚለው የዓርቡን እንግዶች ዶሮ አብሏቸው፣ ካሙ፣ በጨው የታሸው የአሳማ ጭን፣ ለእሑድ ይቆይ ነው። እኔ ካሙን አበላኋቸው። ወረቀቱን አላየሽም ወይ ሲባል፣ አይቼ ናቅሁት አልኩ። እምቢተኛ መባል ማንበብ አትችልም ከመባል ይሻላል ብዬ። ቦታውን እኔው ራሴ ሽንኩርት መክተፍ ላስተማርኳት ልጅ ሰጧት፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ሲስቅ እንጂ ሲያለቅስ የታየ ፊት አልነበረኝም።

ይሄም ወረቀት ትእዛዝ ነው አልኩ። ስንት ሰዓት ላብስል፣ ምን ያህል ላሙቅ፣ የኮረብታው እንግዶች ምን አይበሉም። እሱም ለካ እንደ ሌላው ነው አልኩ። ልቤ ጥግ ላይ አንዲት ድምፅ፣ «ይሄ ሰው እንዲህ ያለ ሰው አይደለም» አለችኝ። ሰምቻታለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። ለማን ወስጄ ላስነብብ? ለሮስኮ? ለፓስተሩ ሚስት፣ እሑድ ሳይደርስ ከተማውን ለምታዳርሰው? የድምፅዋን አፍ ዘጋሁ። መመሪያውንም ወረቀቱንም አንድ ላይ ጠምዝዤ ከከሰሉ ሥር ከተትኩና ክብሪት ጫርኩ።

ሰማያዊው ጽሑፍ ሳይነድ በፊት አንዴ ደመቅ አለና ጠቆረ። ምድጃው ሁለት ሰዓት ባዶውን ነደደ። ዘይቱ ሸትቶ ሸትቶ ጠፋ፣ ብረቱ ጠራ። እኔ ፊቱ ተቀምጬ፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ፣ ለምን እንደከፋኝ ሳይገባኝ መሸብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው በድንኳን ተሞልቶ ነበር። የማርሽ ባንዱ ከበሮ ከስታዲየሙ ውስጥ ይሰማል። ሴቶቹ እንደ ፋሲካ ባርኔጣ ደፍተዋል። እኔ ጎድኑን ገና ጎሕ ሳይቀድ ፔካን በሚባለው የለውዝ ዛፍ እንጨት ጭስ አስገብቼዋለሁ፤ ሰው ሽታውን ተከትሎ እየመጣ የማን ድንኳን ነው ይላል። ፕሮፌሰሩ የኮሌጁን ቀይ ኮት ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ሲመጣ አየሁት። እውነት እውነቱን፣ አምሮበት ነበር። ማንም በሌለበት በምድጃው ወዲያ ማዶ ቆመና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያስቀመጠልኝን አንብቤው እንደሆነ ጠየቀኝ።

አሁንም ድረስ ያን ጊዜ መልሼ ባገኘው የምሰጠው ነገር ብዙ ነው።

«አንብቤዋለሁ» አልኩ። «ቦታውም ከሰሉ ሥር ነው፣ እዚያ ከተትኩት። በዚህ ዕድሜዬ ምን ላድርግ ብዬ ከማንም አልማርም።»

ፊቱ ላይ የሆነውን ለመናገር ቃል የለኝም። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በጥይት የተመታ ሰው መጀመሪያ አያመውም ይላሉ፤ እንዲያ ነበር። ባርኔጣውን ቀስ ብሎ ደፋ።

«ገባኝ» አለ። «ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የገዛ ድንኳኑን ጥሎ፣ ወደ ድሮ ጓደኞቹ ድንኳን ሄደ። መቆንጠጫዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንድ ነገር እንደሰበርኩ አውቄያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

የነገረችኝ ልጁ ክላሪስ ናት። አትላንታ ውስጥ የልብ ሐኪም ናት፤ ለበዓሉ ነው የመጣችው። ገና ስትመጣ ጀምሮ ጓንት አድርጋ እንደምትነካ ሰው ነበር የምታናግረኝ። አባቷን አነጋግራ መጣችና፣ አጠገቤ ቆማ ጭሱን በእጇ እያራገበች፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ሚስ አርዜላ፣ አልደብቅዎትም፤ እኔ አልፈለግሁትም ነበር። እናቴ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ማየት አልፈለግሁም፤ ከምግብ ቤቱ ጓሮ የመጣ ሰውማ ጭራሽ። እንዲህ ብዬም ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ሳምንት ሙሉ እየጻፈ ሲቀድ፣ እየቀደደ ሲጽፍ ነው የከረመው። እምቢ ማለት መብትዎ ነው። ግን ሰው ያግቡኝ ብሎ የለመነበትን ደብዳቤ ከሰል ማቀጣጠያ አደረግሁት ብሎ ለጻፈው ሰው ለራሱ መንገር፣ ይህን ከማንም ሴት አልጠብቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያግቡኝ። ፊትና ጀርባ የሞላው እሱ ነበር። በሕይወቴ ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ አንድ ተጻፈልኝ፣ እሱንም አነደድኩት፤ ማንደዴም አልበቃኝ፣ ፊቱ ቆሜ ኮራሁበት።

ክላሪስ መልስ ትጠብቃለች። ሁለት መንገድ ነበረኝ። ዝም ካልኩ፣ ኩሩዋ አርዜላ ፕሮፌሰሩን እምቢ አለችው ይባላል፤ ከተማው ያከብረኛል፣ ምስጢሬም ከእኔ ጋር ይቀበራል። ከተናገርኩ ደግሞ ያ ሁሉ ባለ ዲግሪ፣ ያ ሁሉ በመስኮት ያበላሁት ሰው፣ ምን እንደሆንኩ ያውቃል። ካሙ ትዝ አለኝ። እምቢተኛ መባል ይሻላል ብዬ ያጣሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። ያኔ ያጣሁት ሥራ ነበር።

ምድጃዬን ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ምጥ ይዞኝ እንኳ እሳቱን ለሰው አደራ ብዬ ነው የተነሣሁ። መቆንጠጫውን ለልብ ሐኪሟ አስጨበጥኳት።

«ያዢው» አልኳት። «ክዳኑን ከከፈትሽው ወዮልሽ።»

ከነሽርጤ፣ ከነጥላሸቴ በድንኳኖቹ መሐል ሄድኩ። የጓደኞቹ ድንኳን ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው አለ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ የያዘው ሳህን ላይ ያለው ሥጋ አልተነካም። ስሙን ጠራሁ። ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አይጨነቁ፣ ገብቶኛል ብያለሁ እኮ አለኝ፣ እዚያም ሆኖ እኔን ከሰው ዓይን ሊያድነኝ።

«አልገባዎትም» አልኩ። «ደብዳቤውን አላነበብኩትም።»

«አንብቤ አቃጠልኩት አሉኝ።»

«ዋሸሁዎት።»

«ሳያነቡት ነው ያቃጠሉት?»

«የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። ችዬም አላውቅም። ያን ዕለት ሱቅ ውስጥ መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ትእዛዝ የጻፉልኝ መሰለኝ፤ ማስነበብ አፈርኩ፤ አነደድኩት።»

አንዲት ባለ ባርኔጣ ሹካዋን ሳህኗ ላይ ቀስ አድርጋ ስታስቀምጥ ሰማሁ። ራቁቴን ቆሜ ቢሆን ያን ያህል አላፍርም። ወደ መሬት ማየት ፈለግሁ፤ ግን ወደ መሬት ያየሁ እንደሆነ ዳግመኛ ቀና እንደማልል አውቄ፣ ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም።

ሳህኑን የሆነ ሰው እጅ ላይ አስቀመጠ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሪ ነኝ ብዬ ኖርኩ» አለ። «ሠላሳ አንዱን ዓመት ከእጅዎ ሳህን ተቀብዬ፣ ይሄን ሳላይ። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«እፍረቴን አይሻሙኝ» አልኩት። «የራሴ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳይወድ ሳቅ ሲያመልጠው ሰማሁ። ፕሮፌሰሩ አልሳቀም። ቀረብ አለ። ጥላሸት የነካውን እጄን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በሁለት እጁ ያዘው። የሸሚዙ ነጭ እጅጌ ጠቆረ፤ አላየውም። ከዚያ በአንድ እጁ ከደረት ኪሱ ብዕር አወጣና ከጠረጴዛው ላይ የወረቀት መሐረብ ሳበ። በትልልቁ እጽፈዋለሁ፣ እንደ መጽሐፍ ፊደል፣ እርስዎ እንዲያነቡት አድርጌ፣ አሁኑኑ አለ። ያቺ ሐሙስ ዕለት አፏን የዘጋሁባት ድምፅ ተመልሳ ደረቴን ሞላችው።

«ኤመሪ» አልኩት። ስሙን ለብቻው ጠርቼው አላውቅም ነበር። «ብዕርህን ወደ ኪስህ መልስ። ፊደሉን ኋላ ታስተምረኛለህ፤ ለእሱ ጊዜ አለን። አሁን ግን የጻፍከውን በአፍህ ንገረኝ። እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ። አናቱ ላይ ያለውን ስሜን አይቻለሁና ከእሱ ቀጥሎ ካለው ጀምር። ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ልጅህም ምድጃው ጋ ሆና ትስማ። ቀስ በል። አንዲት ቃል እንዳትዘልብኝ።»